ሁለት ዋይፋይ ሲደመር ፍጥነቱም ይደመራል?

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በሌሎች የጎጃም ከተሞች ሁለት ኢንተርኔት ያለው ቤት ማግኘት እንደ ድሮው ብርቅ አይደለም። አንዱ በገመድ የሚገባው የኢትዮ ቴሌኮም መደበኛ ብሮድባንድ ነው። ሌላው ሲም የሚጎርሰው ራውተር ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት ሲጀምር ባሕር ዳር ቀድሞ ከገባባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። ስለዚህ ሁለተኛው መስመር የሌላ ድርጅት መሆኑም እየተለመደ ነው።

ሁለት መስመር ያለው ሰው ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። ይኼኛው 10 ሜጋ ነው፤ ያኛውም 10 ሜጋ ነው። ለምን አንድ ላይ አድርጌ በ20 ሜጋ አላወርድም? «ሁለት ዋይፋይ አዋህዶ ፍጥነት የሚያጥፍ» እየተባለ የሚሸጥ ራውተርም አለ፤ በነጻ ይሠራል የሚባል አፕም አለ። «ሞክሬው ሠርቶልኛል» የሚል አይጠፋም፤ «ብሬን በላው» የሚልም እንዲሁ። የሚገርመው ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የሚመጣው ምን እያወረዱ እንደነበረና «ማዋሃድ» ያሉት ነገር የትኛው እንደሆነ ሲጠየቅ ነው።

ቁጥሩን እናጥራ

ኢንተርኔት የሚሸጠው በሜጋቢት ነው። ኮምፒውተሩ ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ የ10 ሜጋቢት መስመር ያለው ሰው ስክሪኑ ላይ በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ካየ አልተሸወደም። የከፈለበት ሙሉው ፍጥነት ያ ነው። በዚያ ፍጥነት 4 ጊጋባይት ፋይል ለማውረድ 53 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በ20 ሜጋቢት 27 ደቂቃ ይሆናል። «የከፈልኩበት 10 ነው፣ የሚመጣልኝ ግን አንድ ብቻ ነው» ከሚለው ቅሬታ ብዙው እዚህ ላይ ያልቃል።

አንድ ፋይል ለምን በአንድ መስመር ይመጣል?

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በፍኖተ ሰላምና በደብረ ማርቆስ ይዞራል። ሌላው በሞጣና በቢቸና በኩል ያቋርጣል። ሁለቱ ደጀን ላይ ይገናኙና አብረው ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳሉ። ሁለት አውቶቡስ ካለ አንዱ በማርቆስ፣ አንዱ በሞጣ ሊሄድ ይችላል። አንዱ አውቶቡስ ግን ግማሹ በዚያ ግማሹ በዚህ አይሄድም። ሁለተኛ መንገድ መኖሩ በቀን የሚያልፈውን ሰው ያበዛል እንጂ የአንዱን አውቶቡስ ጉዞ አያሳጥርም።

ኢንተርኔትም ከሞላ ጎደል እንዲህ ነው። እያንዳንዱ መስመር ከአቅራቢው የራሱ አይፒ አድራሻ ይሰጠዋል። አይፒ አድራሻ ማለት ሌላው ወገን መልሱን ወዴት እንደሚልክ የሚያውቅበት ቁጥር ነው። ኮምፒውተራችን ከአንድ ሰርቨር፣ ማለትም ፋይሉን ይዞ ከሚልከው ሩቅ ኮምፒውተር፣ ፋይል ሲጠይቅ በሁለቱ መካከል ኮኔክሽን ይከፈታል። ኮኔክሽኑ የሚታወቀው በሁለቱም ወገን አድራሻና በፖርት ቁጥራቸው (በአንድ አድራሻ ላይ ያሉ ኮኔክሽኖችን በሚለየው ቁጥር) ነው። በመሀል ከሌላ አድራሻ «እኔም የዚሁ ፋይል ባለቤት ነኝ» የሚል መልእክት ቢመጣ ሰርቨሩ አያውቀውም። ይጥለዋል።

ቲሲፒ የሚባለው የኢንተርኔት መግባቢያ ደንብ ሲሠራ በዚህ ሐሳብ ነው የተሠራው። ቤት ያለው ራውተር ምንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ሌላው ጫፍ ካልተባበረው አንዱን ኮኔክሽን ለሁለት መስመር ሊከፍለው አይችልም።

ገበያ ላይ ያለው ራውተር የሚያደርገው

«ዱዋል ዋን» ተብለው የሚሸጡት ራውተሮች ሁለት የኢንተርኔት መግቢያ አላቸው። ቲፒ-ሊንክና ማይክሮቲክ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ይሠራሉ። አንዳንድ አሮጌ ራውተር ላይ ደግሞ ኦፕንደብሊውአርቲ የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር ጭኖ ተመሳሳይ ሥራ ማሠራት ይቻላል። አብዛኛዎቹ የሚሠሩት ሎድ ባላንሲንግ ነው። ሥራን ማከፋፈል ማለት ነው። አዲስ ኮኔክሽን በመጣ ቁጥር ራውተሩ «ይኼን በአንደኛው፣ ይኼን በሁለተኛው» እያለ ይመድባል። አንዴ የተመደበው እስኪያልቅ ድረስ በተመደበበት ይቆያል።

ብዙ ሰው ያለበት ቤት ይኼ ልዩነቱ ይታወቀዋል። ልጁ ዩቲዩብ ያያል፣ እህቱ ከዩኒቨርሲቲ የተላከ ሰነድ ታወርዳለች፣ አባት ከውጭ አገር ዘመድ ጋር በቪዲዮ ያወራል። ጭነቱ ለሁለት ስለሚከፈል አንዱ የሌላውን አያንቀራፍፍም። ኢንተርኔት ቤት ወይም ትንሽ ቢሮ ላለው ሰው ጥቅሙ የበለጠ ነው። ብቻውን ቁጭ ብሎ አንድ ትልቅ ፋይል በብራውዘር ለሚያወርድ ሰው ግን ጭማሪው ዜሮ ነው።

እንዲያውም ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። አንደኛው መስመር 10 ሜጋ፣ ሁለተኛው 4 ሜጋ ነው እንበል። ራውተሩ በእኩል እንዲያከፋፍል ከተተወ ያ ትልቅ ፋይል የ4 ሜጋው ላይ የመውደቅ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ሰውየው ገንዘብ ጨምሮ ከበፊቱ ባነሰ ፍጥነት ያወርዳል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ መስመር እንደ አቅሙ ሚዛን መስጠት ነው፤ ለዚህኛው 10፣ ለዚያኛው 4 ብሎ። ይህ ማስተካከያ በብዙ ራውተሮች ላይ አለ። የሚነካው ግን ጥቂት ሰው ነው፤ ዕቃው ከካርቶን እንደወጣ ይሰካና በዚያው ይቀራል።

ሌላም ጣጣ አለ። የባንክ ድረ ገጽና መሰል አገልግሎቶች በአንድ ጉብኝት መሀል አድራሻ ሲቀየርባቸው ይጠራጠራሉ። አንዱ ጥያቄ በኢትዮ ቴሌኮም፣ ቀጣዩ በሳፋሪኮም ሲመጣባቸው «እንደገና ግባ» ይላሉ፤ አንዳንዴም ይዘጋሉ። ደህና ራውተር ለአንድ ድረ ገጽ የሚሄደውን ሁሉ ለተወሰነ ጊዜ በአንድ መስመር ብቻ የሚያስኬድ ምርጫ አለው። እሱ ካልተከፈተ ሰው ባንኩን ወይም ኔትወርኩን ሲራገም ይውላል።

ዊንዶውስ ያለው ላፕቶፕ ላይ ገመድም ዋይፋይም አንድ ላይ መሰካት ይበቃል የሚሉም አሉ። አይበቃም። ዊንዶውስ ለሁለቱም ደረጃ ይሰጥና የተሻለ ነው ያለውን ይመርጣል። ሌላው ተሰክቶ ዝም ይላል። ሁለቱን «ብሪጅ» ማድረግም ሌላ ሥራ የሚሠራ ነገር ነው፤ ፍጥነት አይደምርም።

«ለእኔ ሠርቷል» የሚለው ሰው

ይህን ሁሉ የሚሰማ ሰው «እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ» ሊል ይችላል። ልክ ሊሆንም ይችላል። ኢንተርኔት ዳውንሎድ ማኔጀርን የመሰሉ ፕሮግራሞች አንዱን ፋይል ከ8 ወይም ከ16 ቦታ ይቆርጡና እያንዳንዱን ቁራጭ በራሱ ኮኔክሽን ይጠይቃሉ። ሰርቨሩ ከፋይሉ መሀል ተነስቶ መላክ የሚፈቅድ ከሆነ ቁርጥራጮቹ ለየብቻ ይመጣሉ፤ መጨረሻ ላይ ይገጣጠማሉ። አሁን አውቶቡሱ ብዙ ሆነ ማለት ነው። ራውተሩ ግማሹን በዚህ፣ ግማሹን በዚያ ሲያሰማራው ፍጥነቱ ከሞላ ጎደል ይደመራል። ቶሬንትም ከብዙ ሰው ላይ ትንሽ ትንሽ ስለሚወስድ እንዲሁ ነው። ትልልቅ የጌም ማውረጃዎችም ብዙ ኮኔክሽን ስለሚከፍቱ ይጠቀማሉ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ ይባል። ዳውንሎድ ማኔጀር በአንድ መስመር ብቻም ፍጥነት ይጨምራል። ሰርቨሩ ሩቅ ሲሆን፣ ለምሳሌ አውሮፓ ወይም አሜሪካ፣ አንድ ኮኔክሽን ብቻውን መስመሩን ላይሞላው ይችላል። መልእክት ሄዶ «ደርሷል» እስኪባል የሚጠበቀው ጊዜ ረጅም ነው። በመንገድ ላይ ትንሽ ሲጠፋ ደግሞ ኮኔክሽኑ ራሱን ይገታል። ብዙ ኮኔክሽን አንድ ላይ ሲከፈት አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ይሠራል። እንግዲህ ሁለተኛ መስመርና ዳውንሎድ ማኔጀር በአንድ ቀን የጀመረ ሰው ምስጋናውን የሚሰጠው ለመስመሩ ነው። ከጭማሪው የተወሰነው ግን የሶፍትዌሩ ነበር። በእኔ ግምት «ሠርቶልኛል» ከሚሉት ውስጥ ቀላል የማይባለው ክፍል ከዚህ የመጣ ነው። ሁለተኛ መስመር ከመግዛት በፊት ይህን በአንዱ መስመር ላይ መሞከር ምንም አያስከፍልም።

እውነተኛው ማዋሃድ

አንዱን ኮኔክሽን ሳይቀር በሁለት መስመር የሚያስኬድ ዘዴ አለ። ቦንዲንግ ይባላል። ከሎድ ባላንሲንግ የሚለየው ሌላው ጫፍ ላይ ገጣጣሚ መኖሩ ነው። ስፒዲፋይ የተባለው አገልግሎት የሚሠራው እንዲህ ነው። ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ዳታውን በሁለቱም መስመር በትኖ ኢንተርኔት ላይ ወዳለ አንድ መካከለኛ ሰርቨር ይልካል። ሰርቨሩ በትክክለኛ ቅደም ተከተል ገጣጥሞ ወደ ድረ ገጹ ያስተላልፋል። ሲመለስም እንዲሁ። ድረ ገጹ የሚያየው የመካከለኛውን ሰርቨር አድራሻ ብቻ ስለሆነ ግራ አይጋባም። ኮምፒውተር የሚወድ ሰው ኦፕንኤምፒቲሲፒራውተር በሚባል ነጻ ፕሮጀክት የራሱን ገጣጣሚ ሊያቆም ይችላል። ግን በየወሩ የሚከራይ ሰርቨር ያስፈልገዋል፤ ክፍያውም ብዙውን ጊዜ በውጭ ምንዛሪ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። መልቲፓዝ ቲሲፒ የሚባለው ቴክኒክ በ2013 እ.ኤ.አ. በሙከራ ደረጃ፣ በ2020 ደግሞ በተሻሻለ ደንብ ታትሟል። አፕል ከ2013 ጀምሮ ሲሪ ላይ ተጠቅሞበታል፤ ዋይፋይ ሲዳከም ንግግሩ ሳይቆረጥ ወደ ሞባይል ዳታ እንዲሻገር። ሳምሰንግም በ2014 በጋላክሲ ኤስ5 ላይ ትልልቅ ፋይሎችን በዋይፋይና በሞባይል ዳታ አንድ ላይ የሚያወርድ ምርጫ አምጥቶ ነበር። አብዛኛው ድረ ገጽ ግን መልቲፓዝ ቲሲፒን አይቀበልም። መካከለኛ ሰርቨር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

እዚህ ያለ ተጠቃሚ ሊያስብበት የሚገባ ወጪ አለው። መጀመሪያ ርቀቱ። መካከለኛው ሰርቨር አውሮፓ ከሆነ ሄዶ ለመመለስ ብቻ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ሊፈጅ ይችላል። አገር ውስጥ ያለ ድረ ገጽ ለመክፈት እንኳ አውሮፓ ደርሶ መመለስ ሊኖር ነው። ሁለተኛ፣ መስመሮቹ ካልተመጣጠኑ ፈጣኑ የዘገየውን ይጠብቃል። ገመዱ ቶሎ ያደረሰውን ዳታ፣ ሲሙ እስኪያመጣ ድረስ ገጣጣሚው ይዞ ይቆያል። ሲሙ በጣም የሚወላገድ ከሆነ ሁለቱ አንድ ላይ ከአንዱ ብቻ ያነሰ ሊሠሩ ይችላሉ። ሦስተኛ፣ ዳታውን በትኖ ለመላክ የሚጨመርበት ማሸጊያ መረጃ ራሱ ከመስመሩ ላይ ቦታ ይይዛል። 10 ሲደመር 10 በጥሩ ቀንም ሙሉ 20 አይሆንም።

የፓኬጁም ነገር አለ። የቤት ብሮድባንድ በአብዛኛው የሚሸጠው በፍጥነቱ ልክ ነው፤ የወሩን ሂሳብ ከፍሎ የፈለጉትን ያህል ማውረድ ይቻላል። የሲም ፓኬጅ ግን ብዙ ጊዜ በጊጋባይት የተቆጠረ ነው። ቦንዲንግ የ40 ጊጋባይት ጌም ግማሹን በሲሙ ካመጣው 20 ጊጋባይት ከፓኬጁ ሄደ ማለት ነው። ሌሊት ተከፍቶ የተተወ የዊንዶውስ ማሻሻያም ተመሳሳይ ነው።

ሁለቱ መስመሮች እውነት ሁለት ናቸው?

ብዙ የማይወራው ይኼኛው ነው። ከላይ የተባለው ሁሉ መስመሮቹ የተለያዩ እንደሆኑ ያስባል። ቤት ውስጥ ሁለት ራውተር ስላለ ግን መስመሩ ሁለት ሆነ ማለት አይደለም።

አንድ ቤት ሁለት የፋይበር መስመር ቢያስገባ ሁለቱም ሰፈሩን ወደሚያገለግለው አንድ ዕቃ ይሄዳሉ። በሰፊው የሚሠራበት ጂፖን የተባለ የፋይበር አሠራር 2.5 ጊጋቢት ገደማ ወደ ታች የሚያወርድ አንድ ክር ለበርካታ ቤቶች ያካፍላል። ሁለት የኢትዮ ቴሌኮም ሲም በሁለት ራውተር ቢሰካ ደግሞ ሁለቱም የሚያዩት ያንኑ ታወር ሊሆን ይችላል። ታወሩ ሲጨናነቅ አየሩን ለተጠቃሚዎች እየተራ ያከፋፍላል። ሁለት ሲም ያለው ሁለት ተራ ሊደርሰው ይችላል። ስለዚህ ትንሽ ይጨምራል፤ የሚጨምርለት ግን ከጎረቤቱ ድርሻ ላይ ነው። ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ ማንም ምንም አያገኝም።

ሁለት የተለያየ ድርጅት መያዝ ይሻላል። ያም ሆኖ ሙሉ ለሙሉ አይለያዩም። ሳፋሪኮም ከራሱ ታወር ሌላ የኢትዮ ቴሌኮምን መሠረተ ልማት ለመጋራት ተስማምቷል። ከዚያ በላይ ደግሞ ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ወደ ውጭ የሚወጣው ኢንተርኔት ሁሉ በጎረቤት አገሮች፣ በተለይ በጅቡቲ በኩል፣ ወደ ባሕር ሥር ገመድ ይደርሳል። የማርቆሱም የሞጣውም መኪና ደጀን ላይ እንደሚገናኝ ሁሉ፣ ማታ ላይ መጨናነቁ ያለው ከደጀን ወዲያ ከሆነ በየትኛው መንገድ መጣህ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የከረረው ምሳሌ ሩቅ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ሁለት ሲም ያለው ሰው አንድ ሲም ካለው የተሻለ አልሆነም። ልዩነት የነበረው የመስመሩ ዓይነት ላይ ነው። በገመድ የሚሠራ ዋይፋይ ያልተቋረጠባቸው ቦታዎች ነበሩ፤ ሰውም ወደነዚያ ይሄድ ነበር። ሁለተኛ መስመር የሚመርጥ ሰው ከድርጅቱ ስም እኩል ይህን ማየት አለበት። አንዱ በገመድ፣ አንዱ በአየር ቢሆን ይመረጣል።

ይጨመር ወይስ ያለው ይሻሻል?

በዚህ ላይ ሁለት አስተያየት አለ። አንደኛው ወገን «ለሁለተኛ መስመር ከምትከፍል ያንኑ ገንዘብ ጨምረህ የአንዱን ፍጥነት አሳድግ» ይላል። ክርክሩ ጠንካራ ነው። ከ10 ወደ 20 ሜጋ ያደገ አንድ መስመር ለአንድ ፋይልም ለአምስት ሰውም 20 ነው። ገጣጣሚ አይፈልግም፣ ሚዛን ማስተካከል አይፈልግም፣ ባንኩም አይጠራጠርም። ሌላው ወገን «ማሳደግ የሚቻለው መስመሩ ሲችል ነው» ይላል። ይህም እውነት ነው። ፋይበር ያልደረሰበት ሰፈር ያለ አሮጌ የመዳብ ገመድ ከማከፋፈያው በራቀ ቁጥር ፍጥነቱ ይወድቃል። እዚያ ቤት የ20 ሜጋ ክፍያ ቢከፈልም 20 ላይመጣ ይችላል። ከከተማ ወጣ ባሉ ቦታዎች ደግሞ ገመድ ራሱ የለም።

ወደ መጀመሪያው ወገን አደላለሁ፤ ገመዱ ፋይበር ከሆነ ማለት ነው። ግን ከሁለቱም በፊት የሚመጣ ሥራ አለ። ማነቆው የት እንደሆነ መለካት። ላፕቶፑን በገመድ ቀጥታ ራውተሩ ላይ ሰክቶ ስፒድ ቴስት ማድረግ፤ ከዚያ መኝታ ቤት ሆኖ በዋይፋይ መድገም። በገመድ 10፣ በዋይፋይ 3 ከመጣ ጥፋቱ የቴሌ አይደለም። ራውተሩ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ጀርባ ተደብቆ ሁለት የብሎኬት ግድግዳ አልፎ የሚመጣ ዋይፋይ ምን ያድርግ? በተለይ 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው ሞገድ የማይነካኩ ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሃያ ራውተር በነዚያ ላይ ይጋፋል። ሁለተኛ ራውተር ማምጣት ግፊያውን ማባስ ነው።

ልኬቱን ከንጋቱ 11 ሰዓትና ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ማወዳደርም ጠቃሚ ነው። ንጋት ላይ ሙሉ፣ ምሽት ላይ ግማሽ ከሆነ ችግሩ መጨናነቅ ነው። ሁለት መስመር ያለው ሰው ደግሞ በሁለት ኮምፒውተር ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይለካ። አንዱ ሲለካ የሌላው ፍጥነት የሚቀንስ ከሆነ መስመሮቹ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፤ ማዋሃዱ ትርፍ የለውም።

ለመጠባበቂያ ከሆነ

ሁለተኛ መስመር ለፍጥነት ብዙም ባይሆን ለሌላ ነገር ያዋጣል። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ወዲያው እንዲተካ። ይህ ፌይልኦቨር ይባላል። ከቤት ሆኖ ለሚሠራ፣ በኢንተርኔት ለሚማር ወይም ክፍያ በቴሌብር ለሚቀበል ሱቅ፣ ከ27 ደቂቃና ከ53 ደቂቃ ልዩነት ይልቅ የግማሽ ቀን መቋረጥ ነው የሚጎዳው። አዘጋጃጀቱም ከቦንዲንግ በጣም ይቀላል። ሲሙ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ፓኬጁም የሚነካው ገመዱ ሲጠፋ ብቻ ነው።

አዘጋጃጀቱ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ብዙ ራውተር መስመር መኖሩን የሚያረጋግጠው ገመዱ መሰካቱን በማየት ብቻ ነው። የፋይበሩ ዕቃ መብራቱ በርቶ ኢንተርኔቱ ግን ከወዲያኛው ሊሞት ይችላል። ራውተሩ «ገመዱ አለ» ብሎ ይቀመጣል፤ ወደ ሲሙ አይሻገርም። ስለዚህ ውጭ ያለ አድራሻ፣ ለምሳሌ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1፣ በየጥቂት ሰከንዱ እንዲጠይቅ ማዘዝ ያስፈልጋል። መልስ ሲያጣ ይሻገራል፤ ሲመለስ ይመለሳል።

የቀረው መብራት ነው። ክረምት ላይ ነጎድጓድ በበዛበት ሰሞን ኢንተርኔት ጠፋ ከሚባልበት ቀን ብዙው መብራት የጠፋበት ቀን ነው። አብዛኛው የቤት ራውተርና የፋይበር ዕቃ የሚሠራው በ12 ቮልት ስለሆነ ትንሽ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ለሰዓታት ይይዘዋል፤ ከመግዛት በፊት አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልት ማየት ነው። መብረቅም ስላለ ከግድግዳው መነቀል የሚገባው ጊዜ አለ። ታወሩም የራሱ ባትሪ ወይም ጄኔሬተር አለው። የመብራቱ መጥፋት ረዝሞ ያ ባትሪ ካለቀ ግን ሲሙም ይሄዳል።